የዓመት ውሌ ዛሬ ወር በወር ሆነ

ዛሬ የቤት ኪራይ ልከፍል ብሄድ አከራዬ ሐጂ ኡመር ጠገራ ብሩን ተቀበሉና የውሉን ወረቀት ቀደዱት።

«ዓመቱ ሞልቷል ልጄ። ከእንግዲህ ወር በወር ነው።»

«ኪራይ ጨመሩ እንዴ ሐጂ?»

«ወላሂ አልጨመርኩም። የመንገድ ሥራው ሹም፣ ጣሊያኑ፣ ቤቱን ወዶታል። ነገ አስለቅቅልኝ ቢለኝ ወረቀት ይዤ ልከራከረው ነው?»

ባለቤቴ በሚመጣው ወር ትወልዳለች። እስከ ትናንት የማናውቀው ቀኑን ብቻ ነበር፤ ዛሬ ቦታው ተጨመረበት።

ሹሙ ከወራሪው ጦር ጋር ሸዋ ሮቢት ሲገባ የስንት ዓመት ውል እንዳለው የጠየቀው የለም።

ሐጂን ግን መቀየም አቃተኝ። እሳቸውም በገዛ አገራቸው የሚኖሩት ወር በወር ነው።

እናንተስ ወዳጆቼ፣ ውሉ አልቆ ቤቱ የተረፈላችሁ አላችሁ? ጻፉልኝ። አድራሻዬ እስከ ወሩ መጨረሻ ያው ነው።