አባቴን የወሰደው ቃል

ከተማችንን መርሳን ይዞ የነበረው ጦር ከወጣ ገና ብዙም ሳይቆይ ነው፤ በቀደም ለት ለቅሶ ቤት ተቀምጠን ንፍሮ እየዞረ ነበር። የሟች ወንድም ልጅ በሩ ላይ ለቆሙት፣ «ባለሱቁ ሰይድ እዚህ እንዳይገባ፤ ባንዳ ነው» አላቸው።

«ምን አደረገ?» አልኩት።

«እማማ፣ ባንዳ ነው አልኩዎት እኮ።»

«እሱንማ ሰማሁ። ምን አደረገ ነው የምልህ።»

«ሁሉም የሚያውቀውን ምን ያስለፈልፉኛል?»

«እማማ ደግሞ ዳኛ ሆነው መጡብን» አለ ሌላው፤ ዳሱ ሙሉ ሣቀ። ሰይድ ሌላው ሲሸሽ ከሱቁ ጋር የቀረ ሰው ነው። ከዚያ ያለፈ ነገር ቢኖር ንገሩኝ አልኩ። ወሬውን ወደ ሌላ አዞሩት። ንፍሮው እጄ ላይ ቀረ፤ ልቤ ግን ወደ ልጅነት አገሬ ወደ ግራና ሄደ።

አባቴ ይመር ግራና ውስጥ የውኃ አባት ነበር። ወንዙን ጠልፈን በቦይ ወደየማሳው የምናዞር ሰዎች ነን፤ በጋ ሲጠና ውኃው ስለማይበቃ ተራ ያስፈልጋል፣ ተራ የሚያስከብር ሰውም ያስፈልጋል። አባቴ አካፋውን ትከሻው ላይ ጥሎ ጎሕ ሲቀድ ይወጣል፤ ሲመለስ ቅልጥሙ ድረስ ጭቃ ደርቆበት ነጭ ካልሲ ያጠለቀ ይመስላል። ቀን ቀን ተራውን የሚለካው መሬት ላይ በተከላት እንጨት ጥላ ነው። የኛ ማሳ ሁልጊዜ መጨረሻ ነበር የሚጠጣው። እናቴ ትናደዳለች። «የውኃ አባት አግብቼ ሽንኩርቴ በጥም ይሙት!» ትለዋለች። እሱ ይሥቃል እንጂ ተራውን አያነሣላትም።

በውኃ ነገር ክስ ሲነሣ አንድ ወግ ነበረን። ተበደልኩ የሚል ሰው ሽማግሌዎቹን ይዞ ቦዩ ድረስ ይወርዳል፤ ውኃው የተሰረቀበትን፣ ቦዩ የተቀደደበትን ቦታ ፈልጎ እግሩን እዚያ ላይ ያኖራል። «እግርህን አኑርበት» ይሉታል። እግሩን የሚያኖርበት ካጣ ክሱ ቀረ ማለት ነው፤ ሰው ሁሉ ወደ ሥራው ይሄዳል። ተናዶ ወጥቶ ቦዩን ሲወርድ ንዴቱ በርዶለት እያፈረ የተመለሰ ስንቱን አይቻለሁ።

ከዚያ አብዮቱ መጣ። መሬት ላራሹ ሲባል ከመንደሩ ቀድማ እልል ያለችው እናቴ ናት። እኔም በመሠረተ ትምህርት ፊደል ቆጠርኩ፤ ትምህርቴ ያው ነው። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር እንድሪስ ሆነ፤ ጎበዝ አራሽ፣ ድምፁ ወንዝ የሚሻገር ሰው። የበልግ ዝናብ ሳይጥል በቀረበት ዓመት አንድ ቀን ቦዩ ላይ መጣ። ለአባቴ ምሳ ይዤ ሄጄ እዚያው ነበርኩ።

«ጋሽ ይመር፣ ውኃውን ዛሬ ወደ እኔ ያዙሩልኝ።»

«ተራው የፋጡማ ነው።»

ፋጡማ ባሏ የሞተባት፣ ልጆች የምታሳድግ ጎረቤታችን ናት።

«እኔ እኮ ሊቀመንበር ነኝ።»

«ሊቀመንበርነትህን ሽንኩርቱ አያውቅልህም። ከነገ ወዲያ ይደርስሃል።»

እንድሪስ ጓል በእግሩ መታና፣ «አንተ አድኃሪ!» አለው። እስከዚያች ቀን አባቴን አንቱ ነበር የሚለው።

ማታ አባቴ፣ «ዘይኔ፣ አንቺ ፊደል ቆጥረሻል፤ አድኃሪ ምንድነው?» አለኝ። «ወደ ኋላ የሚጎትት ነው ይላሉ» አልኩት። «ውኃ ወደ ኋላ አይሄድ፤ ምን አድርጌ ጎተትኩት?» ብሎ ሣቀ።

ከጁምዓ ሶላት በኋላ ዋርካው ሥር ተሰበሰብን። ከወልድያ የመጣ ወጣት ካድሬ ረጅም ንግግር አደረገ፤ ከዚያ እንድሪስ ተነሥቶ፣ «በመካከላችን አድኃሪ አለ፤ ይመር ነው» አለ። ምን እንዳደረገ አልተናገረም። እኔ ተነሣሁ። ሴት ልጅ በዚያ መሐል አትናገርም ነበር።

«ውኃ ሰርቋል? ተራ አዛብቷል? እንድሪስ፣ እግርህን አኑርበት!»

ሽማግሌዎቹ ቀና ቀና አሉ። እንድሪስም ወግ ነውና ሳያስበው ወደ ቦዩ ወረደ። ከመጥለፊያው ጀምሮ ዳሩን ዳሩን ሄደ፤ በፋጡማ በርበሬ በኩል አለፈ፣ በኛ በደረቀው ማሳ አለፈ፣ እግሩን የትም ሳያኖር ተመለሰ። አልሐምዱሊላህ፣ አለቀ አልኩ በልቤ።

ካድሬው ግን ሣቀ። «አድኃሪነት ቦይ ውስጥ አይፈለግም፤ ያለው በደም ውስጥ ነው። ለአድኃሪ የሚከራከርም ያው አድኃሪ ነው። ይታሰር የሚል እጁን ያውጣ!»

መጀመሪያ የወጣው የፋጡማ እጅ ነበር። መሬት መሬት እያየች አወጣችው። ከዚያ ሁሉም አወጣ።

አባቴን በጭነት መኪና ጫኑት። ሲወጣ ጠራኝና፣ «ማታ ውኃው የአሊ ነው፤ እንዳይረሳ» አለኝ። እናቴ ወልድያ ድረስ ስንቅ ትመላለስ ነበር፤ አንድ ቀን አገልግሉን እንደሞላ መልሰው፣ «ከእንግዲህ አታምጪ» አሏት።

ከዚያ በኋላ ውኃው ጉልበት ወዳለው ሄደ። የፋጡማ በርበሬ በዚያው በጋ ደረቀ።

ዘመን ተለወጠና ሌሎች መጡ። እንድሪስን «የድሮው ሥርዓት ርዝራዥ» ብለው ሊወስዱት ሰበሰቡን። እንደገና ተነሣሁ። «ምን አደረገ? እኔ ልንገራችሁ፤ አባቴን ያለ ጥፋቱ አስወስዷል። በዚህ ፍረዱት፤ ምስክር ነኝ።»

«እማ፣ ያ የቆየ ነገር ነው» አሉኝ።

በሠራው አልተጠየቀም። በወጣለት ስም ወሰዱት፤ እሱም አልተመለሰም። ደስ ይበልሽ ያሉኝ ነበሩ። ምኑ ደስ ይለኛል? አባቴ እንዴት እንደሞተ የሚያውቅ አንድ ሰው ቢኖር እሱ ነበር፤ ሳይጠየቅ ሄደ።

ሰይድ ለቅሶው ላይ አልመጣም። በማግስቱ ሱቁ አልተከፈተም፤ ዛሬም አልተከፈተም። የት ነው ብዬ ስጠይቅ ሰዉ ስለ ዝናቡ ያወራኛል። እድሜ ያስተምራል ሲሉ እሰማለሁ። እኔ ያየሁት ቃሉ ሲለወጥ እንጂ እጅ የሚያወጣው ሰው ሲለወጥ አይደለም። ተናግሬም ማንንም አላዳንኩ።

ሌላው ሰው ለሙታኑ ዱዓ ሲያደርግ መቃብር ላይ ይቆማል። እኔ ደጄ ላይ እቆምና ፊቴን ወደ ወልድያ አዞራለሁ፤ የት ጋ እንደጣሉት ስለማላውቅ ለአገሩ አፈር ሁሉ ዱዓ አደርጋለሁ።