እምቢ የማያውቀው የፀደይ አባት

አያልነህ እምቢ ማለት የማያውቅ ሰው ነው። ጎረቤቱ በየዓመቱ አንድ አንድ ፈር እያለ የሩዝ ማሳውን ድንበር ሲገፋው "እሺ" ብሏል፤ በሬውን የተዋሰው ሰው አክስቶ ሲመልስለትም እንዲሁ። ፎገራ ላይ እንዲህ ያለውን ሰው ፊት ለፊት ደግ ይሉታል፤ ዞር ሲል ግን ሞኝ።

የሰባት ዓመት ልጁ ፀደይ ገለባ ከጫነ ጋሪ ላይ በጭንቅላቷ ወደቀች። ከወረታ ወደ ባሕር ዳር በአምቡላንስ ሲከንፉም፣ ሐኪሞቹ የመተንፈሻ ቱቦ በአፏ ሲያስገቡም አያልነህ አላለቀሰም። እናቷ አማከለች አራስ ስለሆነች ቤት ቀርታለች፤ ለልጅቷ የሚያለቅስላት እሱ ብቻ ነበር። ግን እንባው ከየት ይምጣ? ሰውየው ደንዝዟል። እጁን ቢቆርጡት የሚሰማው አይመስልም።

ነርሷ ደጋግማ ነገረችው። "አንጎሏ አብጧል። እብጠቱ እንዳይብስባት ራሷ ከፍ፣ አንገቷ ቀጥ ብሎ ይቆይ። በአፏ ጠብታ ውሃ እንዳይገባ፤ ወደ ሳንባዋ ይወርድና ያፍናታል።"

"እሺ" አላት። ሌላ ምን ያውቃል!

አንድ ቀን ከሰዓት የንስሐ አባታቸው ቄስ ይሄይስ ጠበል በጠርሙስ ይዘው መጡ። መስቀል አሳለሙት፤ ከዚያም ጠርሙሱን ከፍተው ወደ ልጅቷ አፍ ጎንበስ አሉ።

"አባቴ፣ አይሆንም።"

ቄሱ ቀና አሉ። "ምን አልህ?"

"በአፏ ምንም አይግባ ብለዋል።"

"ጠበል ነው'ኮ! እምነትህ የት ሄደ?"

"እምነቴስ አለ። ይፍቱኝ አባቴ፤ እግሯን ይርጩልኝ" አለና የጠርሙሱን አፍ በመዳፉ ከደነው።

ለንስሐ አባት እምቢ ማለት! አገሩ ቢሰማ ስንት ክረምት ያወራው ነበር። እሱ ግን ፍርሃትም አልተሰማው፤ ኀፍረትም። ቄሱ በረጅሙ ተንፍሰው እግሯን ረጩላት።

በማግስቱ ሐኪሙ የሚያስተኛትን መድኃኒት ቀነሰላት። ትነቃ እንደሆነ ለማየት እስክሪብቶ በጣቷ ጥፍር ላይ አድርጎ ጫን አለው። አልተንቀሳቀሰችም። አጥብቆ ተጫነ። ልጁን በቁጣ እንኳ ነክቶ የማያውቀው አባት ግድግዳውን ተደግፎ ጸለየ።

"ጌታ ሆይ፣ ይመማት። እባክህ ይመማት።"

ፀደይ ፊቷን አኮማተረችና እጇን ነጠቀች።

ሐኪሙ ፈገግ ብሎ ዞረ። አያልነህ ከአልጋው አጠገብ ደርሷል። እንባው አሁንም አልመጣም።

"ዶክተር" አለ፣ "እባክዎ፣ አንዴ ደግመው ያሳምሙልኝ።"