አደይ ሳይፈነዳ

እናቴ ስትታመም ከደራ በላይ ካለው ደጋ ወደ አዳማ ያመጣናት በደርግ ጊዜ፣ በበጋ ነበር። ሐኪሙ «እንግዲህ ከአጠገባችሁ አትራቅ» ሲል አገሯ እንደማትመለስ እሷም ገባት። የመቀነቷን ጫፍ ፈታችና ጥቁር፣ ቀጫጭን ዘር መዳፌ ላይ አራገፈች።

«የአደይ ነው፤ ዝሪልኝ። አደይ ሳላይ ዓመት አይለወጥልኝም።»

አደይ ማን ዘርቶት ያውቃል? ራሱ ወድቆ ራሱ የሚበቅል የሜዳ ነገር! የአዳማን አፈር አየሁትና አሳዘነኝ፤ አመድ የመሰለ፣ ውኃ ቢያፈሱበት ወዲያው የሚውጥ አሸዋ። ከሰው በረት ፍግ እየተሸከምኩ አለበስኩት። ለጎመንም ለቃሪያም የማውቀው ይኸንኑ ነው።

ክረምቱ ሲገባ በቀለ። ምን በቀለ ትላላችሁ፣ ተመነደገ እንጂ! ነሐሴ ላይ ወገቤ ደረሰ። እናቴን ደግፌ በረንዳ ላይ ሳስቀምጣት «ቋጠረ?» ትለኛለች፣ እንቡጡን ማለቷ ነው። የለም።

ጎረቤታችን አዴ፣ የአርሲ ሴት ናቸው፣ በአጥር በኩል አይተው ሳቁብኝ።

«ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ኮርማ እያደለብሽ ነው እንዴ? የሜዳ ልጅ ጮማ ካበላሽው ይተኛል። ጭንጫ ላይ ቢሆን ይኼኔ አብቦ ነበር።»

«ታዲያ አሁን ምን ላድርግ፣ አዴ?»

«አሁንማ...» አሉና ሳቃቸውን ተዉት። «አሁንማ ምን ይደረጋል።»

ጥቂቱን ነቅዬ ጠጠሩ ላይ ተከልኩት፤ ሳይመሽ ጠወለገ። ከደጋ እንዳላስመጣ፣ በዚያ የአፈሳ ጊዜ ወንድሜን ለአበባ ብሎ መንገድ የሚያወጣው ማን ነው? እሷን ትቼ ራሴ እንዳልሄድ፣ ስመለስ ባላገኛትስ?

የእንቁጣጣሽ ለት ልጃገረዶች ሣር ብቻ ይዘው ደጃችን ዘፈኑ። እናቴ ከአልጋዋ ሆና «ምን ያስቸኩላቸዋል?» አለች። «እንኳን አደረሰዎ» ላላት ሁሉ «ገና ነኝ፤ አደይ አልፈነዳም» ትላለች። መጀመሪያ ሳቅን። ኋላ ግን ማንም ሳይነጋገር፣ ቤቱ በሙሉ ከእሷ ጋር አሮጌው ዓመት ውስጥ ቀረ። ዶሮውም ሳይታረድ ግቢ ውስጥ ይዞራል።

በየጠዋቱ ጫፍ ጫፉን እገልጣለሁ፤ ቅጠል። ከቅጠሉ ሥር ሌላ ቅጠል። መስቀል አለፈ። ድምፅዋ እያነሰ መጣ። አንድ ጠዋት ዓይኗን ሳትገልጥ «ዛሬ ስንት ነው?» አለችኝ።

መስኮቱን ሞልቶ የቆመውን አረንጓዴ አየሁት።

«ጳጉሜ ነው፣ እማዬ።»

«እህ» አለች። «እንግዲህ እንጠብቀዋ።»