የመሐል ሜዳ ጿሚ ኤሊዎች

ደብረ ብርሃን ገበያ ጎመን የምትሸጥልኝ ሴት ጠውላጋውን የውጭ ቅጠል እየመለመለች ወደ ጎን ስትጥል፣ ያ እርጥብና መረር ያለ ሽታ አፍንጫዬ ላይ ሲደርስ፣ እጄ ሳላዘው ወርዶ ቅጠሉን መልቀም ይጀምራል። ባለፈው ቅዳሜ አይታኝ፣ «እማማ፣ በግ ያረባሉ እንዴ?» አለችኝ። «ድሮ ኤሊ ነበረኝ» አልኳት። ቀልድ መስሏት ሳቀች። አልፈረድኩባትም። የእኔን ኤሊዎች ወሬ የሰሙ የመንዝ ሰዎች እንኳ ግማሾቹ እንደ ተአምር፣ ግማሾቹ እንደ ቀልድ ነው የሚያወሩት። ሁለቱም ልክ አይደሉም፤ እኔም ሁለቱንም እየሰማሁ ዝም ማለት ሰልችቶኛል።

አባቴ ገብስና ባና፣ ማለትም ከበግ ጠጉር የሚሠራውን የመንዝ ብርድ ልብስ፣ በአህያ ጭኖ ወደ መርሐቤቴ ቆላ እየወረደ በማሽላና በጥጥ የሚለውጥ ሰው ነበር። ጊዜው ደርግ ነው። ሰባተኛ ክፍልን ጨርሼ፣ ዝናቡ ሳይጠና፣ እኔንም ይዞኝ ወረደ። ከወንዙ በላይ አንድ ገበሬ ማሳውን መንጥሮ ቁጥቋጦውን በእሳት ለቆበት ነበርና፣ ከጭሱ ውስጥ ሁለት ኤሊዎች፣ አንድ ትልቅና አንዲት ትንሽ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ቀስ እያሉ ሲወጡ አየሁ። እሳቱ ከእነሱ ይፈጥን ነበር። ሮጬ አነሳኋቸው። አባቴ አገላብጦ አያቸውና፣ «አይታለቡ፣ አይጫኑ፣ ምን ሊሠሩልን ነው?» አለ፤ እንዲህ እያለም አንዱን ጆንያ ባዶ አደረገልኝ።

ኤሊ ምን እንደሚበላ የሚነግረኝ ሰው አልነበረም፤ መሐል ሜዳ ላይ ኤሊ ያየ ራሱ ጥቂት ነው። ያገኘሁትን ሁሉ እያቀረብኩ የሚመርጡትን አየሁ። ከመስኩ የማጭደውን ማገጥ ይወዳሉ፣ የባቄላ ቅጠል ይወዳሉ፣ ጎመን ግን ሲያዩ አንገታቸው ከቤቱ ወጥቶ አያልቅም። ጠዋት ፀሐይ በሚመታው የድንጋይ ካብ ሥር አወጣቸዋለሁ፣ ቅዳሜ ለብ ያለ ውኃ በገበታ አድርጌ እዘፈዝፋቸዋለሁ፣ ማታ ደግሞ ባረጀ ባና ጠቅልዬ ከምድጃው ራቅ አድርጌ አስተኛቸዋለሁ። እናቴ፣ «የጓሮ ጎመኔን ድንጋይ በላው» እያለች ለጎረቤት ታማርር ነበር፤ ያቺው እናቴ ግን ትምህርት ቤት ስውል ትንሿን በፀሐዩ ልክ እያዘዋወረች ትጠብቃት እንደነበር በኋላ ሰማሁ።

ኅዳር ሲጋመስ ውርጩ ወረደ። ጠዋት መስኩ ነጭ ይሆናል፣ ደጅ ያደረ ውኃ ላዩ ይጋገራል። ኤሊዎቹ በመጀመሪያ እርምጃቸው ዘገየ፣ ቀጥሎ ከባናው ሥር አንወጣም አሉ፣ በመጨረሻም ጎመኑን አፋቸው ድረስ ብወስድላቸው ዓይናቸውን ጨፈኑብኝ። የቆላ ፍጥረት ናቸውና በርዷቸዋል፤ ጀርባቸውን የዳሰሰ ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው። ነገር ግን መብላት ያቆሙት የገና ጾም በገባበት ሳምንት ሆነ። የንስሐ አባታችን ጠበል ሊረጩ ቤታችን የመጡ ዕለት ያልተነካውን ጎመን አይተው፣ «እኛ ጎመን እየበላን ጾምን እንላለን፤ እነዚህ እኮ ጎመኑንም ትተዋል» አሉ። ይቀልዱ ይሁን ከልባቸው ይሁን ዛሬም አላውቅም። ወሬው ግን ገበያው ሳይደርስ ከተማውን አዳረሰ። ከቅዳሴ የሚመለሱ ሴቶች በእኛ ቤት በኩል መዞር ጀመሩ፤ አንዷማ የታመመ ልጇን ግንባር በትልቁ ጀርባ አስነካች። እናቴ፣ «ኧረ ኤሊ ምን ያውቃል» ትላለች፤ እንግዶቹ ሳይመጡ በፊት ግን ቤቱን ትጠርጋለች።

የቀበሌያችን ሊቀመንበር በልጅነቱ የቆሎ ተማሪ ነበር፤ ምናልባትም ለዚሁ ይሆናል ከሌሎቹ ይልቅ በጾም ነገር የሚቆጣው። እሑድ ጠዋት፣ ቅዳሴ ላይ እንዲውል ሆን ተብሎ በሚጠራው ስብሰባ፣ ኤሊዎቹን በአብዮት ጥበቃ አስወስዶ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጣቸው። አጠገባቸው በጣሳ ወተት፣ በሳህን የተቀቀለ እንቁላል ቀርቧል። «ጓዶች» አለ፣ «ዛሬ እነዚህ ፍጥረቶች በፊታችሁ ወተት ጠጥተው ጾማቸውን ይገድፋሉ። አድኃሪ ወሬም እዚሁ ያበቃል።» ኤሊዎቹ አንገታቸውን ጭራሽ ወደ ውስጥ ሰበሰቡ። ብዙ ጠበቅን። ከኋላ አንድ ሽማግሌ፣ «ኤሊ መች ታልባ ታውቅና ወተት ትለያለች?» ሲሉ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

ሊቀመንበሩ የጠላው ሳቁን ነው። ጥበቃውን፣ «አፉን ክፈተው» አለው። ጥበቃው ሴንጢውን አውጥቶ የትልቁን አፍ ፈለቀቀ፤ ሌላው ወተቱን አፈሰሰ፤ ወተቱ ቀይ ሆኖ በጠረጴዛው ጠርዝ ወረደ። እጁ ወደ ትንሿ ሲዞር እኔ ጠረጴዛው ጋ ደርሼ ነበር። አንስቼ ደረቴ ላይ ያዝኳት።

«አስቀምጪ» አለኝ ሊቀመንበሩ።

«አላስቀምጥም።»

«የማን ልጅ ነሽ አንቺ?»

አባቴ ከኋላ ወንበር ተነሣ። «የኔ ናት» አለ፤ መልሶ ተቀመጠ። ሌላ አልጨመረም፤ ሌላ ቢጨምር እንደዚያ አይከብድም ነበር። ትንሿን ይዤ ወጣሁ። ትልቁን ማታ መለሱልን፤ ሳምንት አልቆየም።

ሰኞ ትምህርት ቤት ስሄድ በሩ ላይ መለሱኝ። ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል በተማሪው ሁሉ ፊት ቆሜ «ኤሊ አይጾምም» እስክል ድረስ ክፍል እንዳልገባ ታዟል። ያ ዓመት የስምንተኛ ክፍል ፈተና የሚሰጥበት ነበር። እናቴ አለቀሰች። «አንድ ቃል ናት፤ በያትና ግቢ። እውነት አይደለም እንዴ?» አለችኝ። እውነት ነው። ኤሊ እንደማይጾም ከእኔ በላይ የሚያውቅ በከተማው አልነበረም። ነገር ግን በሴንጢ የተፈለገ እውነት ነው፤ ለእሱ የምሰጠው አልሆነም። በዚያው ሰሞን የንስሐ አባታችን መጡና፣ «ልጄ፣ ከሰማዕትነት የተረፈችውን ለቤተ ክርስቲያን ስጪ፤ የጾሟንም ነገር አንቺው መስክሪ» አሉኝ። ጉልበታቸውን ስሜ፣ «አባቴ፣ በርዷት ነው» አልኳቸው። ተቀይመው ሄዱ።

ከገና በፊት፣ ጾሙ ገና ሳይፈታ፣ አባቴ አህዮቹን ጫነ። ትንሿን በባና ጠቅልዬ አቀፍኳትና ገደሉን ወረድን። ወደ ታች በወረድን ቁጥር አየሩ ይሞቅ ነበር፤ እኔም በየመታጠፊያው ጀርባዋን እዳስሳለሁ። ከወንዙ በላይ፣ እሳት ያልነካው ቁልቋል ሥር፣ አሸዋ ላይ አስቀመጥኳት። ከሰዓት በኋላ ሆኖ ነበር። ለረጅም ጊዜ ምንም አልሆነም፤ ከዚያ አንገቷ ወጣ፣ ዓይኗ ተከፈተ፣ ከዛፉ የወደቀ የቁልቋል ፍሬ ጋ ሄዳ ጎረሰች። በአፏ ዙሪያ ቀይ ጭማቂ ቀርቶ፣ እያየኋት ጨርሳ ሌላ ፈለገች።

አባቴም እኔም አየን። ሊቀመንበሩ ጾሙ ሳይፈታ መብላቷን ቢሰማ በማግስቱ ክፍል እገባ ነበር፤ ቄሱ ቢሰሙ ቅያሜያቸው ይብስ ነበር። አባቴ የአህያውን ጭነት እያጠበቀ፣ ፊቱን ሳያዞር፣ «ምን አየን?» አለኝ።

«ምንም አላየንም» አልኩት።

እስከ ዳገቱ ራስ ድረስ ዳግም አላነሳነውም።

ፈተናው አለፈኝ። ጓደኞቼ ቀድመውኝ ሄዱ፣ አንዳንዶቹንም ከዚያ ወዲህ አላገኘኋቸውም፤ በሚቀጥለው ዓመት ትእዛዙ ተረስቶ ከታናናሾቼ ጋር ተቀምጬ ተፈተንኩ፣ አሥራ ሁለተኛንም በሰዓቱ ሳይሆን በራሴ ጊዜ ጨረስኩ። ቆላው ተመንጥሮ አልቋል፤ ኤሊ አየሁ የሚል መንገደኛ ካጋጠመኝ ብዙ ዘመኔ ነው። አባቴ ሞቷል፤ እንደ እሱ ጥቂት ተናግሮ ብዙ የሚቆም ሰውም አላየሁም። ሊቀመንበሩና የንስሐ አባታችን ሁለቱም አልፈው በአንድ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ተቀብረዋል። አንዳቸውም ከእኔ አልሰሙም። ዛሬ የምናገረው፣ ተናገሪ ብሎ የሚያዘኝ ስለሌለ ነው።