ጥርስ ያወጣው ግድግዳ

ልጄ ሰሚራ ባለፈው የፈረንጆች በጋ ከጓደኞቿ ጋር ከሮተርዳም በመርከብ ተሻግራ፣ ሰሜን እንግሊዝ ገጠር ውስጥ አንድ አሮጌ የገበሬ ቤት ተከራይተው ሰነበቱ። ወደምንኖርባት የሆላንድ ከተማ ወደ ቭላርዲንገን ስትመለስ እርጥብ ኮቷን እንኳ ሳታወልቅ ስልኳን አፍንጫዬ ስር ደቅና፣ «ማማ፣ ካይክ!» አለችኝ በሆላንድኛ፤ «እዪ፣ ግድግዳው ጥርስ አውጥቷል!» ፎቶው ላይ፣ ከግራጫው የድንጋይ ግድግዳ ረዣዥም ድንጋዮች በረድፍ ወደ ውጭ ብቅ ብለዋል፤ በአንደኛው ጫፍ የሰው በር፣ በሌላኛው ሰፊ የከብት በር፣ ሁለቱም በአንድ ጣሪያ ስር። ኮቷ ዝናብ ያገኘው ድንጋይ ይሸት ነበር፣ ወይም እኔን እንደዚያ ሸተተኝ።

ወሎ ውስጥ አባቴ የሠራው ቤት ልክ እንደዚህ ነበር። አባቴ ግድግዳን በሁለት ፊት ነበር የሚያቆመው፤ አንዱን ወደ ውጭ፣ አንዱን ወደ ውስጥ፣ መሃሉን በጭቃና በጠጠር ይሞላና፣ ጥቂት ከፍ ባለ ቁጥር ከውስጥ እስከ ውጭ የሚዘልቅ ረጅም ድንጋይ ያስተኛበታል፤ «ካላያያዝኳቸው ይኮራረፋሉ» እያለ፣ ሁለቱን ፊቶች እንደ ጎረቤት እያማቸው። ከግድግዳው ወጣ ያለውን የድንጋዮቹን ጫፍ አይቆርጠውም፤ ጣሪያ ሲያፈስ እነሱን ረግጦ ይወጣል። እናቴ በርበሬ ታሰጣባቸዋለች፣ ዶሮዎቻችን በማዕረግ ይሰፍሩባቸዋል፣ እኔ ደግሞ ሦስተኛው ላይ ተቀምጬ መንደሩን እሰልላለሁ። በክረምት ከከብቶቹ በኩል የሚመጣው ሙቀት ከጋቢ ይበልጥ ነበር፤ እርግጥ ሽታውም አብሮ ስለሚመጣ፣ ትምህርት ቤት አጠገቤ ለመቀመጥ የሚጋፋ አልነበረም።

አባቴ ሲሞት ታላቅ ወንድሙ ሰይድ መጣ። መሬቱ የአያቴ ነበርና፣ «በአባቴ መሬት ላይ የቆመ ቤት የእኔ ነው» ብሎ እናቴንና እኔን ጓሮ ወዳለችው ጎጆ አወጣን። ይህ አልበቃውም። የከተማ ቤት አማረውና፣ እነዚያን ድንጋዮች የድሃ ምልክት ናቸው ብሎ በዲጂኖ አንድ በአንድ ነቀላቸው፤ ቀዳዳውን በጠጠር ደፈነ፣ በሲሚንቶ ለሰነ፣ ሰማያዊ ቀለም ቀባ። እናቴ ከጎጆዋ ደጃፍ ቆማ የባሏ እጅ ሲነቀል አየች። ከዚያ በኋላ ስትስቅ አላየኋትም፤ ጎጆዋ ውስጥ ሞተች። ማያያዣው የተነቀለ ግድግዳ እንደማይቆም ከአባቴ አውቃለሁና፣ እኔም ያ ቤት መውደቁን ሳልሰማ እንዳልሞት ለራሴ ማልኩ። እዚህ አገር የሰው ሽማግሌ እያጠብኩና እያበላሁ በኖርኩባቸው ዓመታት ሁሉ፣ ወሎ ክረምቱ ከበደ ሲሉኝ ጆሮዬ ይቆማል።

ሰሚራ ፎቶውን ባሳየችኝ ሰሞን የሰይድ ልጅ ከማል ከዴን ሃግ ከተማ ሊጠይቀኝ መጣ። ሻይ ቀዳሁለት። እሱን ሳይነካ፣ «እታለም፣ አባባ ታመዋል፤ አልጋ ይዘዋል። ድንጋዮቹ የተነቀሉበት ግድግዳም አብጦ አብጦ በዚህ በአገር ቤት ክረምት ተደረመሰ። ነፍሳቸው አንድ ቃል ነው የምትጠብቀው፤ አፉ ይበሏቸው» አለኝ።

እንደኛ ወግ አፉ በይኝ የተባለ ሰው፣ ያውም ለሞት የቀረበ ሰው ሲልክበት፣ እምቢ አይልም። እኔ ግን መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው፤ ንጹሕ፣ ልብ የሚያሞቅ ደስታ። የሰሚራን ስልክ አምጥቼ የእንግሊዞቹን ግድግዳ አሳየሁት። «ይህን ለአባትህ ላክላቸው፤ ፈረንጆቹ እሳቸው የነቀሉትን እንዴት አድርገው እንደሚጠብቁት ይዩ። ድንጋዮቹን ወደ ቦታቸው ሲመልሱ አፉ እላቸዋለሁ።»

ከማል አንገቱን ደፋ። «ማን ያውቅበታል፣ እታለም? የሚያውቁት እኮ አባትዎ ነበሩ።»

«እሱን ሲነቅሉ ነበር ማሰብ» አልኩትና ሻዩን አነሳሁበት።

ሰይድ በሳምንቱ ሞተ። ቃሉን አላገኘም፤ ዛሬም ቢሆን ከአፌ አልወጣም።

ሰሚራ ያን ፎቶ አሳጥባ ሳሎናችን ውስጥ ሰቅላዋለች። የአባቴን ቤት አንድም ቀን ፎቶ ያነሳው ሰው የለም። የአገር ሰዎች ለዒድ ሲመጡ ፎቶው ፊት ይቆሙና፣ «የናንተ ቤት ነው? ወሎ ነው?» ይሉኛል። የማናውቀው እንግሊዛዊ ገበሬ ቤት መሆኑን ሰሚራ ልትናገር አፏን ስትከፍት እቀድማታለሁ። አዎ፣ የአባቴ ቤት ነው እላለሁ፤ ልጅ ሳለሁ እቀመጥባት የነበረችውን ሦስተኛዋን ድንጋይም በጣቴ አሳያቸዋለሁ።