ልጁን ያላየች ሞግዚት

አክስቴ ሃያ ስድስት ዓመት የሰው ልጅ አሳድጋለች። የራሷን አልወለደችም። ስለዚህ ነገር የሚጠይቃት ሲገኝ፣ «ሰባት አሉኝ፤ አንዱም የኔ አይደለም» ትልና ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። በልጅነታችን የንባብ መጽሐፍ ላይ የትጉህ ሠራተኛ ሥዕል ነበረ፤ ሰውዬው ሁልጊዜ ይስቃል። አክስቴ ከእሱ የባሰች ትጉህ ነበረች፤ ስትስቅ ያየኋት ግን ጥቂት ጊዜ ነው።

በመጨረሻ የሠራችበት ቤት አራተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ጉልበቷ አልታዘዝ ካላት ቆይቷል፤ ሐኪሙም «ደረጃ ይብቃሽ» ብሏታል። እሷ ግን የምታሳድገውን ሕፃን ለማን ትታ ትውጣ?

ያ «ለማን» እኔ ነበርሁ። የልጁ እናት አክስቴ የመረጠችውን ሁሉ እሺ ባይ ስለሆነች፣ አክስቴ «ትተካኝ እንደሆን አንድ ሳምንት ልያት» ብላ አስገባችኝ። ደንቧ ብዙ አልነበረም። በር ቢንኳኳ፣ ስልክ ቢጮህ፣ ድስት ቢገነፍል፣ መጀመሪያ የሚኬደው ልጁ ጋ ነው። እሱን አይቶ፣ ትንፋሹን አዳምጦ፣ ከዚያ ወደ ሌላው። ለማይታወቅ ሰው ደግሞ በር አይከፈትም። በዚህ ደንብ የተነሳ አንድ ጊዜ የልጁን አያት፣ ከሩቅ የመጡትን ሽማግሌ፣ መልካቸውን ስለማታውቅ፣ የልጁ እናት ከሥራ እስክትመለስ ደረጃው ላይ ሻንጣቸው ላይ አስቀምጣቸዋለች። ሽማግሌው መጀመሪያ ተቆጡ፤ ኋላ ግን «ዘበኛዋ» ብለው ስም አወጡላት። ስሙም በዚያው ጸና።

በሦስተኛው ቀን በር ተንኳኳ። ቅልጥፍናዬን ላሳይ ብዬ እጄን በቀሚሴ እየጠረግሁ ወደ በሩ ሮጥሁ። የታችኛዋ ጎረቤታችን ነበረች፤ ከገመዳችን የወደቀ ልብስ ልትመልስ። ዞር ስል አክስቴ ከልጁ መኝታ ቤት በር ላይ ቆማለች። አልተቆጣችኝም። አመሻሹ ላይ ግን ለልጁ እናት በሥራው ላይ አንድ ዓመት እንደምትጨምር ስትነግራት ሰማሁ። የተናገረችው ጉልበቷን በሁለት እጇ ይዛ ነበር።

እናትየዋ ሳታዝንልን አልቀረችም። ቅዳሜ ከሰዓት ልጁን ራሷ ይዛ ለሁለታችን የሲኒማ ትኬት ሰጠችን። «ስለ ሞግዚት ነው አሉ፤ ይወዱታል» አለቻት። አክስቴ ሲኒማ ከገባች ብዙ ዘመን ሆኗታል። ሻሿን ቀየረች፤ ጫማዋንም ጠረገች። ሥራዋ ሰው ፊት ሲወጣ ልታይ ነውና።

ፊልሙ አስደንጋጭ ነው ተብሎለታል። አንዲት ወጣት የሰው ልጅ ልትጠብቅ ትልቅ ቤት ገባች። ልጁ ፎቅ ተኝቷል ተባለ። ስልክ ጮኸ፤ ወደ ስልኩ ሮጠች። መስኮት ተንኳኳ፤ ወደ መስኮቱ። ምድር ቤት ኮሽ አለ፤ ወደ ምድር ቤት። ቤቱ የገባ አንድ የማይታወቅ ሰውዬ መጋረጃ ጀርባ ተደብቆ ጫማው ከነማሰሪያው ይታያል። ከፊታችን የተቀመጠ ጎልማሳ፣ «አንቺ ልጅ፣ ዝቅ ብለሽ ጫማውን እይ እንጂ» አላትና አዳራሹ ሳቀ። ከዚያ ወዲያ የፈራ ሰው አልነበረም።

አክስቴ አልሳቀችም። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «ልጁ የት ነው?» አለችኝ።

«ፎቅ ተኝቷል።»

«ማን አየው?»

ፊቴን ወደ ፊልሙ መለስሁ።

ፖሊስ መጣ፤ ሰውዬው ተያዘ፤ ለምን እንደመጣ የነገረን የለም። ወጣቷ ብርድ ልብስ ተደርቦላት አለቀሰች። መብራት በራ። ሰዉ እያጉረመረመ ሲወጣ አክስቴ ከወንበሯ አልተነሳችም። ወለሉን የሚጠርገው ሰው አጠገባችን ደርሶ፣ «አልቋል እኮ እማማ» አላት።

«ልጁስ?»

«የቱ ልጅ?»

ትኩር ብላ አየችውና የፊተኛውን ወንበር ተደግፋ ተነሳች። ቤት ስንደርስ አራቱን ፎቅ በየመታጠፊያው እያረፈች ወጣች። ሦስተኛው ላይ ትንፋሿን ስትሰበስብ፣ «ሌባውንስ ፖሊስ ይይዘዋል» አለች። «የተረሳውን ልጅ ማን ይፈልገዋል?»

ሰኞ ከምሳ በኋላ ልጁ ተኝቶ፣ እሷ ማድ ቤት እግሯን ለብ ያለ የጨው ውሃ ውስጥ ነክራ ተቀምጣለች። በር ተንኳኳ። እግሯን ከሳፋው ልታወጣ ስትል ቀድሜ ተነሳሁ። አስቤበት አይመስለኝም፤ ራሴን ያገኘሁት ከልጁ አልጋ አጠገብ ነው። በጎኑ ተኝቷል፤ አንድ እግሩ ከብርድ ልብሱ ወጥቷል። ትንፋሹን ሰማሁ፤ እግሩን ሸፈንሁ። በሩ ደጋግሞ ይንኳኳል። ሄጄም ሳልከፍት፣ «ማነው?» አልሁ። የመብራት ቆጣሪ አንባቢ ነኝ አለ። እናትየዋ ስትመለስ እንዲመጣ ነገርሁት፤ «ይሄ ደግሞ የማን ወህኒ ቤት ነው» እያለ ደረጃውን ወረደ።

ማድ ቤት ስመለስ አክስቴ ራሷን ግድግዳው ላይ አስደግፋ እንቅልፍ ወስዷታል። በዚያ ቤት በቀን ስትተኛ ያያት ሰው አልነበረም። ውሃው ቀዝቅዟል። ፎጣ አምጥቼ እግሯን አንድ በአንድ እያወጣሁ አደረቅሁላት፤ አልነቃችም።