እትዬ አፀደ ስሙን ሳይጠሩት

ጎረቤቴ እትዬ አፀደ ያን ነገር በስሙ ጠርተው አያውቁም። ቦንጋ ዳር ባለው መንደራችን ሁላችንም እንደዚያው ነን፤ እሳቸው ግን ይብስባቸዋል። ዳዴ የሚል ልጃቸውን አንሥተው እየሮጡ እንኳ «ደጅ ሊወጣ ነው» ይሉ ነበር።

ስሙ እንደ ዘመኑ ሲለዋወጥ አይቻለሁ። እናቴ «ወገቤን ልሞክር» ትል ነበር። ትምህርት ቤት ስንገባ «ሽንት ቤት» ተባለ፤ እኔ ስድስተኛ ክፍል ላይ አቋርጬ ስወጣም ያው ነበር። ጤና ጣቢያው «ሰገራ» አመጣ፣ የጤና ኤክስቴንሽኗ «ዓይነ ምድር» አለች፣ የቢሮ ሰዎች «ቶይሌት»። በመጨረሻ ቀበሌያችን ኦዲኤፍ ይሆናል ተባለ። እንግሊዝኛ ነው አሉ፤ ሜዳ መውጣት የቀረበት ማለት መሆኑን ኋላ ሰማን እንጂ ያኔ ማንም ስላልገባው ማንም አላፈረም። አንዱ ቃል ሲከረፋ ሌላ ይተካል፣ እሱም ጊዜውን ጠብቆ ይከረፋል። ማለቂያ ያለው አይመስለኝም።

በ2005 እትዬ አፀደ የአንድ ለአምስት የጤና ቡድናችን መሪ ነበሩ። የምንጠጣው ሁላችንም ከአንዲት ምንጭ ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት የባለ ሱቋ የናፊሳ ወንድ ልጅ አስቀምጦት፣ ሆስፒታል ገብቶ ለጥቂት ተረፈ። በዚያ ዓመት ደግሞ ጡት ያልጣለች ሴት ልጅ ነበረቻት። ናፊሳ ጀሪካኗን ምንጩ ላይ አኑራ፣

«እትዬ፣ ዝናቡ ከላይ ከቁጥቋጦው ምን እንደሚያወርድ ያዩታል። ይቺን ልጄን ልቅበራት?» አለች።

«ክፉ አታውሪ። እኔ አለሁ» አሏት።

ከከተማ አንድ ወጣት አሠልጣኝ መጣ። በስብሰባው መሀል ቆሞ፣ «በስሙ እንጥራው! አር ነው! አር ነው የምትጠጡት!» እያለ ጮኸ። ሰው ካላፈረ አይለወጥም ነው ሐሳቡ። አዛውንቶቹ ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ ጣል አድርገው ተነሥተው ሄዱ። ፊት የወጡት ጋሽ ገብረወልድ ናቸው፣ የተጣላውን ሁሉ የሚያስታርቁት ሽማግሌ።

ችግሩም እሳቸው ነበሩ። ጎህ ሲቀድ ከምንጩ በላይ ወዳለው ቁጥቋጦ ይወጣሉ። ሁላችንም እናውቃለን፣ የሚናገር ግን የለም። ግቢያቸው ውስጥ ልጃቸው አምባው በቆርቆሮ የሠራው አዲስ ሽንት ቤት ቆሟል።

«እልኸኛ ሽማግሌ!» አልኩ እኔ።

«ቆዪ እስቲ» አሉ እትዬ አፀደ። የአምባውን ሚስት በእምነትን ልንጠይቅ አብረን ሄድን። ማድ ቤቷ በር ላይ ቆጮ ስታዘጋጅ አገኘናት። ተነሥታ ዱካዋን ለእትዬ አፀደ ለቀቀች። እሳቸው ተቀምጠው ቀና ቢሉ፣ የሽንት ቤቱ በር ፊት ለፊት ነው። በሩም ነፋስ የሚያወዛውዘው የጆንያ መጋረጃ።

«በእምነት፣ እዚህ ነሽ የምትውዪው?»

«ከጎህ ጀምሮ። የት እሄዳለሁ?»

እትዬ አፀደ ዞረው አዩኝ። «እልኸኛ ናቸው አልሽኝ?»

ያን ጊዜ ገባኝ። እኛ ዘንድ አማት ምራቱ እያየችው ወደዚያ አይገባም፤ ቢሞት አይገባም። አምባው መሬቱ ደረቅ ነው ብሎ ሲቆፍር ማድ ቤቱን አላሰበም።

በማግስቱ ውሃ ልንቀዳ ስንወጣ ጋሽ ገብረወልድ ከላይ ሲወርዱ ተገናኘን።

«እንደምን አደሩ? ነፋስ ሊቀበሉ ወጥተው ነው?» አሉ እትዬ አፀደ።

«እግሬን ላፍታታ ብዬ።»

«ተዳፋቱ ያዳልጣል። ከቤት ባይርቁ ጥሩ ነበር።»

«ቤትማ ሰው አለ፣ አፀደ።»

«አየሁ። ሰው የማያይበት ቢሆንስ?»

ሽማግሌው ምርኩዛቸውን ተደገፉ። «ልጆቹን እንዳታሳፍሪብኝ» አሉ።

«ማን ይነካቸዋል! እንሰት ልተክል ነው የምመጣው። በሩ በወዲያ በኩል ቢዞር ለእንሰቱ ይመቸዋል፣ እለዋለሁ ለአምባው።»

«ለእንሰቱ!» ጋሽ ገብረወልድ ሳቃቸው አመለጣቸው።

«ለእንሰቱ ነዋ።»

አምባው ግን ተከራከረ። «በሩ ምን ሆነ? ታይቶ የተመሰገነ ሽንት ቤት እኮ ነው!»

«ያመሰገነህ ሰው እንደ አባትህ ከምራቱ ጋር አይኖርም» አሉት እትዬ አፀደ። ጥቂት አሰበና ፊቱ ቀላ። በሩን አዞረው፣ ከቤቱ ጀርባ መተላለፊያ ጠረገ። እኛ ቁመት ያላቸውን እንሰቶች ከየጓሯችን ነቅለን አምጥተን በማድ ቤቱና በሽንት ቤቱ መሀል ተከልን። በእምነትም ጉድጓዱን ስትደለድል አንድም ጥያቄ አልጠየቀችም።

ሳምንት ሳይሞላ ጋሽ ገብረወልድ ገጀራ ይዘው ከምንጩ በላይ ያለውን ቁጥቋጦ መመንጠር ጀመሩ። ወንዶቹን ጠርተው ዙሪያውን አጥር አሳጠሩት። አንድ ጎረምሳ በለመደው መንገድ ሽቅብ ሲወጣ ቢያዩት፣ «ቤት የለህም እንዴ አንተ?» ብለው አባረሩት።

ክረምቱ ወጣ። የናፊሳ ልጅ አንድ ቀን እንኳ አልታመመችም፤ እናቷ ጀርባ ላይ ታዝላ ከኛ ጋር ውሃ ትወርድ ነበር። እኔ ተስፋ የቆረጥኩበት ነገር ብዙ ነው። ከዚያ ምንጭ ግን ጎንበስ ብዬ በእፍኜ እጠጣለሁ።